ክርስቲያን ሆኖ ጦርነት መደገፍ ይቻላል ወይ? (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ፎቶ ኮፒና ባነር የምሰራባት ጠባብ ቤት አለችኝ፣ እሁድ ደሞ ሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች አስተምራለሁ። ጉባኤ ቤት የዋልኩ ሰው አይደለሁም፣ ያነበብኩትንና አባቶችን ጠይቄ ያገኘሁትን ነው የምጽፈው። የሰሜኑ ጦርነት ከተነሳበት ከ2013 ወዲህ ኮፒው እስኪወጣለት ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ጥያቄ ዞሮ ዞሮ አንድ ስለሆነብኝ አፌ ከሚደክም አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው። ቅደም ተከተል አትፈልጉበት፣ ሰው እንደጠየቀኝ ነው ያስቀመጥኩት።

ባጭሩ ንገረን፣ ክርስቲያን ጦርነት መደገፍ ይችላል አይችልም?

ባጭሩ የሚሆን ነገር አልነበረም ግን እሺ። ከጥንት ጀምሮ "በፍጹም አይቻልም" የሚሉ ክርስቲያኖች አሉ፣ "አንዳንዴ ግድ ይሆናል፣ ግን ልክ አለው" የሚሉ አሉ፣ "ጦርነቱ ራሱ ቅዱስ ነው" የሚሉም አሉ። የመጨረሻውን እኔ አልቀበልም። በፊተኞቹ ሁለቱ መሃል ግን እውነቱን ለመናገር እድሜዬን ሙሉ ወዲያ ወዲህ ስል ነው የኖርኩት፣ አሁንም ጠዋት አንዱን ሆኜ ተነስቼ ማታ ሌላውን ሆኜ የምተኛበት ቀን አለ።

"አትግደል" ይላል እኮ፣ ምን ክርክር ያስፈልገዋል?

ዘጸአት 20፥13 ላይ ያለው የዕብራይስጥ ቃል በአብዛኛው በግፍ ለሚፈጸም ግድያ የሚውል ነው ይላሉ ቋንቋውን የሚያውቁት፣ ደሞም እዛው ብሉይ ኪዳን ውስጥ ኢያሱ ይዋጋል ጌዴዎን ይዋጋል ዳዊት ይዋጋል። ስለዚ ይቺ ጥቅስ ብቻዋን ክርክሩን አትዘጋውም። ግን ቶሎ ደስ እንዳይላችሁ። ዳዊት ቤተ መቅደስ ልስራ ሲል ምን ተባለ? 1ኛ ዜና መዋዕል 22፥8 ን አንብቡ፣ ብዙ ደም አፍስሰሃልና አንተ አትሰራልኝም፣ ልጅህ ይስራው ነው የተባለው። ጎልያድን የጣለው፣ በእግዚአብሔር ስም የወጣው ዳዊት እኮ ነው! ድሉን ማንም አልነጠቀውም፣ ቤቱን ግን አትነካም ተባለ። "እግዚአብሔር ተዋጊ ነው" የሚለውን ጥቅስ ስንት ባነር ላይ እንዳተምኩት አላውቅም፣ ይሄንን የዳዊቱን አትምልኝ ያለኝ ሰው ግን እስካሁን አልመጣም።

ጌታ ራሱ "ሰይፍ ግዙ" ብሎ የለ እንዴ?

ብሏል፣ ሉቃስ 22፥36። ልብሱን ሽጦ ሰይፍ ይግዛ ብሏል። ሰው ግን እዛው ላይ መጽሐፉን ይዘጋዋል። ሁለት ቁጥር ዝቅ በሉ፣ ሁለት ሰይፍ አለን ሲሉት "ይበቃል" አላቸው። አስራ አንድ ሰው ሁለት ሰይፍ ይዞ ከሮም ጦር ጋር ሊዋጋ? ከዛ እዛው ሌሊት ጴጥሮስ አንዷን ሰይፍ መዞ የሊቀ ካህናቱን አገልጋይ ጆሮ ሲቆርጥ ጌታ ጆሮውን መልሶ ፈወሰውና "ሰይፍ የሚያነሡ ሁሉ በሰይፍ ይጠፋሉ" አለ፣ ማቴዎስ 26፥52። ሰይፉ ጥቅም ላይ የዋለው አንዴ ነው፣ እሱም ስህተት ተባለ።

"ሰላምን ሳይሆን ሰይፍን" የሚለው ማቴዎስ 10 ደሞ ቀጥሎ ያለውን ስታነቡት ስለ እናትና ልጅ ስለ አማትና ምራት መለያየት ነው የሚያወራው፣ ስለ ክላሽ አይደለም። በገመድ ጅራፍ ነጋዴ ያባረረውም ገበያ በተነ እንጂ ሰው አልገደለም። በነዚህ በሶስቱ ጥቅስ ጦርነት የሚሰብክ ሰው ካያችሁ አብሽሩ፣ አላነበበም።

"ሌላውን ጉንጭህን አዙርለት" ማለት ዝም ብዬ ልሙት ማለት ነው?

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ ያለው እዚች ጋ ነው።

አንደኛ ነገር ቃሉ "ቀኝ ጉንጭህን" ነው የሚለው። አሁን እጃችሁን አንሱና ሞክሩት፣ ፊት ለፊታችሁ የቆመን ሰው በቀኝ እጅ ቀኝ ጉንጩን ለመምታት በእጅ ጀርባ ካልሆነ አይመችም። አንዳንድ ተርጓሚዎች ይሄ ለጌታና ለባሪያ የሚሆን የንቀት ጥፊ ነው ይላሉ። ስለዚ ሌላውን አዙርለት ሲባል ሩጥ ማለትም አይደለም መልሰህ ምታ ማለትም አይደለም፣ ቆመህ "እኔ ባሪያህ አይደለሁም" በለው አይነት ነገር ነው። ትርጓሜው ያከራክራል፣ ለኔ ግን ያስኬደኛል።

ሁለተኛው ከባዱ ነው። እኔ የማዞረው የራሴን ጉንጭ ነው። የልጄን ጉንጭ አዙሬ ለመስጠት ማን ስልጣን ሰጠኝ? የጎረቤቴንስ? እነ ቅዱስ አምብሮስና አውግስጢኖስ በአራተኛውና በአምስተኛው ክፍለ ዘመን የያዙት ይሄንን ነው፣ ክርስቲያን ለራሱ ነፍስ ብሎ ባይገድል ይሻላል፣ ሌላው ሲጠቃ ግን ዝም ማለቱ ራሱ ጥፋት ሊሆን ይችላል የሚል ሃሳብ። እኔን ወደ "አንዳንዴ ግድ ይሆናል" የሚገፋኝ ይሄ ነው። በ2014 ከተማችን በተያዘች ሰሞን ሁለት ልጆች አልጋ ስር ደብቄ አድሬ ስለማውቅ "በፍጹም" የሚለውን ቃል አፌን ሞልቼ መናገር ያቅተኛል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ጦርነት የሚጀምር ሁሉ የሚለው "የሌላውን ጉንጭ ልጠብቅ ነው" ነው። የራሴን ክብር ፍለጋ ነው ብሎ ክተት ያወጀ ንጉስ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ይዋጉ ነበር?

ብዙዎቹ ጸሐፊዎቻቸው አይሆንም ነው የሚሉት። ጠርጡሊያኖስ ጌታ ጴጥሮስን ትጥቅ ባስፈታበት ቀን ወታደሩን ሁሉ አስፈታ ብሎ ጽፏል፣ ኦሪጎን ደሞ እኛ ለንጉሱ የምንዋጋው በጸሎት ነው ይላል። በ295 በፈረንጅ ሰሜን አፍሪካ ላይ መክሲሚሊያኖስ የሚባል የ21 አመት ልጅ ለውትድርና ሲመዘገብ ክርስቲያን ነኝ አልዋጋም ብሎ አንገቱን ተቆርጧል። በዛው ዘመን ደሞ ሮም ጦር ውስጥ ክርስቲያን ወታደሮችም ነበሩ፣ ስለዚ ሁሉም አንድ ነበሩ ብዬ አልዋሽም። ቆስጠንጢኖስ በ312 አሸንፎ በ313 ክርስትና ሲፈቀድ ጨዋታው ተቀየረ፣ ቤተክርስቲያን ከተሳዳጅ ወደ ቤተ መንግስት ስትገባ ድንበር የመጠበቅ ጉዳይ የሷም ጉዳይ ሆነ።

"ፍትሐዊ ጦርነት" የሚሉት ምንድነው?

አውግስጢኖስ ጀመረው፣ ቶማስ አኩዊናስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አደራጀው። ስልጣን ያለው አካል ያውጅ፣ ምክንያቱ እውነተኛ በደል ይሁን፣ ሃሳቡም ሰላም እንጂ በቀልና ዝርፊያ አይሁን ነው ነገሩ። በኋላ የመጡት ሌላው መንገድ ሁሉ ካለቀ በኋላ ይሁን፣ ጥፋቱ ከጥቅሙ አይብለጥ፣ ያልታጠቀ ሰው አይነካ የሚለውን ጨመሩበት።

ያልታጠቀ አይነካ የሚለው ለኛ ከተማ ወሬ አይደለም። ህዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም የጣልያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ አድቬንቲስቶች ያቆሙት የአሜሪካኖቹ ሆስፒታል ቀይ መስቀል እያለበት ተመቷል። ጃንሆይ መትረየስ ይዘው የተነሱት ፎቶ የዛን ቀን ነው፣ ሰው ፎቶውን ያውቃል ሆስፒታሉን አያውቅም። እና ደብዳቢው ማን ነው? ክርስቲያን አገር ነው።

የኔ ቅሬታ ይሄ ነው፣ መስፈርቱ ጥሩ ነው ግን ፈተናውን የሚያርመው ተፈታኙ ራሱ ነው። "ይሄኛው ጦርነት አላሟላም" ብሎ ከመሃል የተመለሰ ንጉስ ታሪክ ውስጥ ፈልጌ ፈልጌ ደክሞኛል።

በኛ በኦርቶዶክሱስ ምን ይባላል?

ታላቁ ባስልዮስ በአራተኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው ቀኖና አለ። አባቶቻችን በጦርነት የሚገደለውን ከነፍሰ ግድያ አልቆጠሩትም ይላል፣ ግን እጃቸው ንጹህ ስላልሆነ ለሶስት አመት ከቁርባን ቢታቀቡ ጥሩ ነው ይላል። ይቺን መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ሱቄን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። ነፍሰ ገዳይ አይደለህም፣ ግን እጅህን ታጠብ። ሄዳችሁ አገር ጠብቁ አለ፣ ስትመለሱ ግን በእልልታ ሳይሆን በንስሐ ግቡ አለ።

በ10ኛው ክፍለ ዘመን ደሞ የቁስጥንጥንያው ንጉስ ኒቅፎሮስ ፎቃስ በጦርነት የሞቱት ወታደሮች ሰማዕት ይባሉልኝ ብሎ ጠየቀ፣ ፓትርያርኩ ይቺኑ የባስልዮስን ቀኖና አውጥቶ አይሆንም አለው። ለንጉስ! በጦር ሜዳ ማሸነፍና ሰማዕትነት ሁለት የተለያየ ነገር ነው ማለቱ ነው። ካህን ደሞ ጭራሽ ደም ካፈሰሰ ክህነቱ ይፈርሳል።

ቅዱስ ጊዮርጊስስ ትሉኛላችሁ፣ ሚያዝያ 23 በመጣ ቁጥር የምሰማት ጥያቄ ናት። ስዕሉ ላይ ፈረስ አለ ጦር አለ፣ እሺ፣ ወታደርም ነበር። ሰማዕት የሆነው ግን ሲዋጋ አይደለም፣ ለጣኦት አልሰግድም ብሎ ሲያሰቃዩት ሰይፉን ሳያነሳ ነው የሞተው። ደንገጥ የሚለው ሰው ብዛቱ!

አድዋስ? አድዋንም ኃጢአት ልትለው ነው?

ኧረ በጭራሽ፣ ሰው ሊደበድበኝ ነው። አድዋ ለኔም አድዋ ነው፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት አብሮ ዘምቷል፣ የክተቱ መሰብሰቢያም እኛው ወሎ ወረኢሉ ነው። የጦርነቱ መነሻ የሆነው ውልም የተፈረመው ከደሴ ብዙ በማይርቀው ውጫሌ ነው፣ 1881 ዓ.ም። ፍትሐዊ ጦርነት የሚባል ነገር ካለ አድዋ ካልሆነ ማን ይሆናል፣ አገሩን ሊወር የመጣ፣ ውሉን አጣሞ የተረጎመ፣ በደብዳቤ ተለምኖ እምቢ ያለ ጠላት ነው።

ግን አዋጁን እስቲ በደንብ አንብቡት። "ጉልበት ያለህ በጉልበትህ እርዳኝ" ካለ በኋላ ምን ይላል፣ "ጉልበት የሌለህ ለልጅህ ለምሽትህ ለሃይማኖትህ ስትል በሀዘን እርዳኝ"። በሀዘን! በጭፈራ እርዳኝ አላለም በሽለላ እርዳኝ አላለም። ይሄ ቃል ከባስልዮስ ቀኖና ጋር ወንድማማች ይመስለኛል። (ወስልቶ ለሚቀረው ደሞ "ማርያምን፣ ለዚህ አማላጅ የለም" ይላል፣ እንደ መክሲሚሊያኖስ አልዋጋም ለሚል ክርስቲያን አዋጁ ውስጥ ቦታ የለውም፣ እሱም እውነት ነው።)

ሌላ የማንወዳት ነገር ደሞ ልጨምር። ከድሉ በኋላ የተማረኩት ጣልያኖች በሰላም ተይዘው ኋላ ወደ አገራቸው ተለቀቁ፣ ከጣልያን ጋር የተሰለፉት የኤርትራ አስካሪዎች ግን ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆረጠ። ወገኖቻችን ናቸው፣ ክርስቲያንም ነበሩባቸው። ምክንያቱ ልክ የነበረ ጦርነት ውስጥም እጅ ይቆሽሻል ማለት ይሄ ነው። የካቲት 23 ን አከብራለሁ፣ ያቺን ገጽ ግን ዘልዬ አላስተምርም።

አቡነ ጴጥሮስ ሰላማዊ ነበሩ ወይስ አርበኛ?

የኛው የወሎ ጳጳስ አይደሉ፣ መንበራቸው ደሴ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ፋሽስት ረሸናቸው። አርበኞቹን መርቀዋል፣ ለወራሪ አትገዙ ብለው ገዝተዋል፣ ራሳቸው ግን የታወቁት በያዙት መስቀል እንጂ በጠመንጃ አይደለም። እንግዲህ የትኛው ሳጥን ውስጥ ትከቷቸዋላችሁ? ጦርነት የደገፉ ሰላማዊ ሰው ናቸው። እኔ ልጆቹ ሲጠይቁኝ እሳቸው የከፈሉት በራሳቸው ደም ነው እላለሁ፣ ዘምት ብሎ ባርኮ እቤቱ ከሚገባ ሰባኪ የሚለያቸው እሱ ነው።

ጎረቤቴ ሀጂ የጠየቁኝ፦ "ፍቅር ፍቅር ትላላችሁ፣ ቦሩ ሜዳ ላይስ?"

ልክ ናቸው። ቦሩ ሜዳ ከደሴ ታክሲ ተሳፍራችሁ የምትደርሱበት ቦታ ነው። በ1870 ዓ.ም አጼ ዮሐንስ 4ኛ ጉባኤ ጠርተው የኦርቶዶክሱን ውስጣዊ ክርክር ከወሰኑ በኋላ የወሎ ሙስሊም ክርስትና ይነሳ ተባለ። ኢማም መሐመድ አሊ ሚካኤል ሆኑ፣ በኋላ ንጉስ ሚካኤል የምንላቸው ናቸው፣ ሌላው የወሎ ገዢ አባ ዋጠውም ተጠመቁ። እነ ሼህ ጦልሃ እምቢ ብለው ተነሱ፣ የተሰደደው ተሰደደ፣ ቀን ክርስቲያን ማታ ሙስሊም የሆነም ብዙ ነው። በጦር የተሰጠ ጥምቀት ነው ይሄ፣ "መንግስቴ ከዚህ ዓለም አይደለችም" ካለው ጌታ ጋር የሚያስታርቀው ሰው ካለ ይምጣ።

ሀጂን እንደዚህ ስላቸው ሳቁብኝና "እሱስ ሆነ፣ ኮፒዬን ስጠኝ" አሉ። የወሎ ሰው ነገር እንዲህ ነው፣ እኔ ቤትም ብትሄዱ የእናቴ ወገን ግማሹ ሙስሊም ነው፣ ለዚህም ይሆናል "የሃይማኖት ጦርነት" የሚል ቃል ጆሮዬ የማይቀበለው፣ ማን ከማን ጋር ሊዋጋ ነው እቤቴ ውስጥ?

ሁለቱም ወገን ክርስቲያን ከሆነስ፣ እግዚአብሔር ማንን ይሰማል?

ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም ሰገሌ ላይ የወሎው ንጉስ ሚካኤልና የሸዋው ጦር ሲገጥሙ በሁለቱም ወገን የሚጾም ሰው ነበር፣ በሁለቱም ወገን ቄስ ነበር። ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ቀድመው መስከረም 17 ህዝቡን ከንጉስ ሚካኤል ልጅ፣ ዙፋኑን ይዞ ከነበረው ከልጅ ኢያሱ መሃላ ፈትተዋል። ወሎ ተሸነፈ። እና እግዚአብሔር ሸዌ ነው?

በቅርቡ ያየሁትን ልንገራችሁ። ህዳር 2014 መጀመሪያ ገደማ ከተማዋ ገና ተይዛ እያለች አንድ ልጅ እግሩ በነጠላ ታስሮ አያቴ በር ላይ መጥቶ "እማማ ውሃ" አለ። ለየትኛው ወገን ይዋጋ እንደነበር ሆን ብዬ አልጽፍም፣ ብጽፈው ግማሻችሁ እዚሁ ጋ ማንበብ ታቆማላችሁ። 18 ቢሞላው ነው። አያቴ በጣሳ ውሃ ሰጠችው፣ እጁ ሲንቀጠቀጥ ስታይ ለእህቴ ህጻን ያስቀመጠችውን ወተት አሙቃ አመጣችለት። ልጁ ጣሳውን አየና "እሮብ አይደለም እንዴ እማማ" አላት። ትከሻው ላይ ክላሽ አለ፣ አንገቱ ላይ ጥቁር ማተብ አለ፣ እሮብን ግን አልሻር አለ። "ለበሽተኛ ጾም የለም፣ ጠጣ" ብላ ተቆጣችው፣ ጠጣ፣ ሄደ።

ጎረቤቶች ቆይተው ሰሙና ጠላት አጠጣሽ አሏት። "ወተት ነው የሰጠሁት ጥይት አልሰጠሁት" ብላ ገባች።

እኔን እስካሁን የሚከነክነኝ ግን ወተቱ አይደለም እሮቡ ነው። ጾሙን እንዲህ ጠንቅቀን ያስተማርን ሰዎች "ጠላቶቻችሁን ውደዱ" የሚለውን የማቴዎስን አምስተኛ ምዕራፍ ለምን እንደዛ አላስተማርነውም? ሁለታችንም ወገን፣ አንዱ ብቻ አይደለም። ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ "ተአምኁ በበይናቲክሙ" ሲል እርስ በርስ እጅ እንነሳሳለን፣ ያ ልጅም በመጣበት አገር እሁድ እንደዛው ያደርግ ነበር።

ልጄ ወታደር ነው፣ ኃጢአተኛ ነው ማለት ነው?

ይሄን የሚጠይቁኝ እናቶች ናቸው፣ ሱቅ ውስጥ፣ ድምጻቸውን ቀንሰው። እትዬ፣ አይደለም። ወታደሮች መጥምቁ ዮሐንስ ጋ መጥተው ምን እናድርግ ሲሉት ሉቃስ 3፥14 ላይ በማንም ግፍ አትስሩ፣ በሐሰት አትክሰሱ፣ ደመወዛችሁ ይብቃችሁ ነው ያላቸው፣ ስራችሁን ልቀቁ አላላቸውም። የመቶ አለቃውን ጌታ በእስራኤል እንኳ እንዲህ ያለ እምነት አላገኘሁም ብሎታል፣ ቆርኔሌዎስም መቶ አለቃ ሆኖ ነው የተጠመቀው። አልዋጋም የሚሉት ደሞ "ጌታ እምነቱን አመሰገነ እንጂ ስራውን አላመሰገነም" ብለው ይመልሳሉ፣ እሱም ያስኬዳል። ሲመለስ ግን ጀግና ጀግና ብላችሁ ብቻ አትተዉት፣ ንስሐ አባቱ ጋ ይዛችሁት ሂዱ፣ ማታ የሚያስጮኸው ነገር በጭብጨባ አይወጣም።

አንዲት እናት የሞተ ልጇን ፎቶ በስልክ ይዛ መጣች፣ ለአርባው ባነር ሊሰራ። ክላሽ ይዞ ነው የተነሳው። "ይቺን ነገር አጥፋልኝ" አለችኝ። ፎቶሾፕ ላይ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ፣ መሳሪያውን ሳነሳው እጆቹ ባዶ አየር ጨብጠው ቀሩ፣ የሆነ ነገር ማስያዝ ነበረብኝ። ምን ላስይዘው ስላት ብዙ አሰበችና "እንዲሁ ተወው" አለች። በነጋታው የመጡ አባት ደሞ መሳሪያ ያልያዘውን ልጃቸውን መሳሪያ አስይዝልኝ አሉኝ። ሁለቱንም ሰራሁ፣ ልክ ይሁን አይሁን እንጃ።

ጴንጤዎቹስ ምን ይላሉ?

እነሱም እንደኛው ይለያያሉ። በኛ አገር ግልጽ የሰላም ትምህርት ያላት መሠረተ ክርስቶስ ናት፣ የመጣችው ከሜኖናውያን ነው፣ እነሱ ደሞ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጦር አንነካም ብለው የተሰደዱ ሰዎች ናቸው። ከጣልያን ጦርነት በኋላ ለእርዳታ ነው ወደ ኢትዮጵያ የገቡት። በ1974 ዓ.ም ደርግ ሲዘጋትና ንብረቷን ሲወስድ በየቤቱ ተበትነው ቆይተው በብዙ እጥፍ በዝተው ወጡ። በብዙ ነገር አልስማማም፣ በዚህ ግን ባርኔጣዬን ባነሳላቸው አላፍርም።

እኔ አልተኮስኩም፣ ፌስቡክ ላይ ነው የደገፍኩት፣ እሱም ያስጠይቃል?

ያስጠይቃል። ባስልዮስ ለተዋጋው ሶስት አመት ካለ፣ ሶፋ ላይ ተቀምጦ "ደምስሳቸው" ብሎ ኮመንት ለሚጽፈውና የሬሳ ቪዲዮ ሼር ለሚያደርገው ስንት እንደሚል መገመት አያቅትም። እንደውም ተዋጊው ቢያንስ ፈርቷል፣ ርቦታል፣ አልቅሷል። እኛ ዳታ ነው ያለቀብን።

ሰላማዊ መሆን ማለት ግፍ ሲሰራ ዝም ማለት ነው?

በ390 በፈረንጅ ንጉስ ቴዎዶስዮስ ተሰሎንቄ ላይ ህዝብ ሲያስጨፈጭፍ ቅዱስ አምብሮስ ንስሐ እስክትገባ አላቆርብህም አለው፣ ንጉሱም ንስሐ ገባ። ጥይት አልተተኮሰም። አሜሪካ ሞንትጎመሪ ላይ ማርቲን ሉተር ኪንግና ጥቁሮቹ በቀለም በሚለይ አውቶቡስ አንሳፈርም ሲሉ ከአመት በላይ በእግራቸው ሄደዋል፣ የኪንግ ቤት ቦምብ ተወርውሮበት መሳሪያ ይዞ የመጣውን ህዝብ ወደ ቤታችሁ ግቡ ብሎ መልሷል። ዝም ማለት እነዚህ ሰዎች ጋ የት አለ?

እሩቅ ምን ወሰደኝ፣ ወሎ ውስጥ አበጋር አለ አይደል። ደም ሲፈስ ሼሁም ቄሱም ሽማግሌውም አብረው ገብተው ገዳይና ሟች ወገን መሃል ይቆማሉ፣ ካሳው ይቆረጣል፣ መሃላው ይማላል፣ ምርቃቱና ዱአው ይከተላል፣ ደሙ ይደርቃል። ትልቁ ጦርነት ላይ ለምን አይሰራም ካላችሁኝ፣ አበጋሩ ሁለቱንም ልጆች በስም ያውቃቸዋል፣ ትልቁን ጦርነት የሚያዙት ግን የሚሞተውን ልጅ ስም አያውቁትም፣ ለኔ ልዩነቱ እሱ ይመስለኛል።

ታዲያ አንተ በመጨረሻ ትደግፋለህ አትደግፍም?

ሊገደል ያለ ሰው ፊት መቆምን እደግፋለሁ፣ አንዳንዴ ያ በመሳሪያ ሊሆን እንደሚችል ገብቶኛል። ከዛ ያለፈውን ነገር ሁሉ በወንጌል ስም እንዲደረግ አልደግፍም። ድል ሲመጣ እልል ማለት ካቃተኝ ቆይቷል፣ የወንዱም የሴቱም ፎቶ ነገ እኔ ማሽን ላይ እንደሚመጣ አውቃለኋ። "በሀዘን እርዳኝ" ያለኝ መንግስት ካለ እሱን እረዳዋለሁ፣ የሚጠይቀኝ ግን ሌላ ነገር ነው።

ለጠላት መጸለይ እንዴት ይቻላል? ከልብ ካልመጣስ?

ከልብ እስኪመጣ ከጠበቃችሁ አትጸልዩም። አያቴን ጠይቄያት ነበር። ማታ ማታ ስትጸልይ ያንን ልጅ ስሙን ስለማታውቀው "ያ እሮብ የመጣው" እያለች ታነሳዋለች፣ ይሙት ይኑር አታውቅም። ከዛ በኋላ በነበረው ሳምንት ደሞ ሌሎች ገብተው ቤቷን በርብረው ቴሌቪዥኑን፣ ሁለት ብርድ ልብስና የኤሌክትሪክ ምጣዷን ወስደውባታል። ቴሌቪዥኑን ለወሰደው ትጸልያለች፣ ብርድ ልብሱንም ለበረደው ይሁን ብላለች። ምጣዱን ለወሰደው ግን እስካሁን አልጀመረችም፣ ጾም በገባ ቁጥር "ዘንድሮ እሞክራለሁ" ትላለች።